የጎንፋ ቸርኬዎች

ዘይናን ያወቀ ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው ፍርሃቷን ነው። ሐይቅ ተወልዳ፣ ኮልፌ አድጋ፣ ዲቪ ደርሷት ሚኒሶታ የገባች ሴት ናት። አለቃ አትፈራም፣ ጨለማ አትፈራም። ክሪስታል በምትባል ከተማ ውስጥ በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ሰው ሲሞት፣ ሌሎቹ ሠራተኞች ኮሪደሩ ላይ «አንቺ ግቢ፣ አንቺ ግቢ» ሲባባሉ ዘው ብላ ገብታ አንሶላውን የምትገፍፈው እሷ ናት። በረዶ ላይ መኪና መንዳት ግን ነፍሷን ያወጣዋል። ኅዳር ሲገባ መሪውን አንቃ ትይዝና፣ ዱዓ እያነበነበች፣ ከኋላዋ ጡሩምባ የሚነፋባትን ሁሉ «እለፍ አባቴ፣ እለፍ» እያለች ታሳልፋለች። ባሏ ዓብዱ «አንቺ እኮ መኪና አትነጂም፣ ታስታምሚያለሽ» ይላታል። እሷም መልስ አታጣም፤ «ያስታመሙት ይድናል» ትለዋለች።

መኪናቸው አረንጓዴ ቫን ነው። ቀለሙም የተሠራበት ዓመትም አንድ የሆነ ሌላ ቫን ኩን ራፒድስ የምትባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ ነበር፤ የጎንፋና የዳራርቱ። ዓብዱና ጎንፋ አገር በገቡ ሰሞን በአንድ መጋዘን ፎርክሊፍት ሲነዱ ተዋወቁ፤ ከዚያ አንድ ቅዳሜ አብረው ወጥተው ሁለቱን ቫኖች ከአንድ ነጋዴ ገዙ። ሰዉ «መንትዮቹ» ይላቸው ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ጎንፋ የዘይናን ቫን የራሱ መስሎት ቁልፉን ከበሩ ጋር ሲያታግል ተይዞ ሲሳቅበት አምሽቷል። የነቀምት ሰው ነው፤ ትልቅ፣ ዝግ ያለ፣ ለማንም «እምቢ» ማለት የማይሆንለት። ሚስቱ ዳራርቱ ደግሞ እሳት ናት። የገዛችው ዕቃ ተሳስቷል ቢሏት ያንኑ ደግማ ትገዛለች እንጂ አትመልስም። ዘይና የምትወዳትም በዚሁ ነው፤ ልቧን ደብቃ የምትስቅ ሴት አትመቻትም።

ጎንፋ የሞተው የመጀመሪያው በረዶ የወረደ ዕለት ጠዋት ነው። ወደ ሥራው ሲሄድ ቫኑ የወንዙ ድልድይ ላይ ተንሸራቶ ከብረቱ ጋር ተላተመ። ፖሊሶቹ ጎማውን አዩና የበጋ ጎማ ነው አሉ። የበረዶ ጎማዎቹ ግን ከነቸርኬያቸው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ዳራርቱ ጎረቤት አሮጌ ዕቃውን ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል መርጣ፣ እሷው አንከባልላ ያመጣችለት። ለቅሶ ቤት ደግሞ ወሬ ሥራ አይፈታም። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ስንፍና ነው የገደለው» ይላል አንዱ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ያለ ሁሉ ወቅሶ ነው የሚነሳው። ከሁሉም የባሰችው ግን ዳራርቱ ራሷ ነበረች። «ጎማው ጋራዥ ተቀምጦለት! ስንት ቀን ለመንኩት፣ ነገ፣ ነገ እያለ!» ትላለች። አታለቅስም፣ ትቆጣለች። ዓመት ሙሉ አቁሞ ያቆያት ይኸው ቁጣ ነው።

አንድ ቀን ዘይና የጎንፋንና የዳራርቱን ልጅ ኢብሲቱን ከትምህርት ቤት ስታመጣት፣ ዝምታው ከብዷት «አባትሽ ደግ ሰው ነበር» አለቻት። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች «ሂ ዋዝ ሌዚ» አለች፤ ሰነፍ ነበር ማለቷ ነው። «ኤቭሪባዲ ኖውስ።» ዘይና መንገድ ዳር አቁማ ማልቀስ አማራት። ሰውየው አንዴ በአፈር፣ አንዴ በልጁ አፍ ሁለቴ የተቀበረ ሆኖ ተሰማት።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት፣ ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ፣ ዳራርቱ ደወለች። «የጎንፋን ጎማዎች ኑና ውሰዱ። መኪናው አንድ ነው፣ ለሌላ ለማን ልሰጠው?» ዓብዱ አቅማማ፤ ዘይና ተቆጣችው። የሟች ዕቃ ሚስቱ እጇን ዘርግታ ስትሰጥ አይመረጥም። ሸሚዙ ቢጠብም ይለበሳል፣ ጫማው ቢሰፋም አመስግነው ይቀበሉታል። «አይሆነኝም» ማለት ሐዘንሽን አልካፈልም ማለት ነው። ይህ ልማድ ለሸሚዝ ሲሆን ማንንም ጎድቶ አያውቅም። እናም ይገጥም እንደሆን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ለመንትያ መኪና ደግሞ ምን ጥያቄ አለው!

ኩን ራፒድስ ሲደርሱ፣ ገና ወደ ደጁ ሳይታጠፉ፣ የጋራዡ በር መከፈት ጀመረ። ከውስጥ ቁልፉን የተጫነችው ዳራርቱ ናት። እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ቆይታለች። አረንጓዴው ቫን ሲመጣ ባየች ቁጥር፣ ለጎንፋ ትከፍትለት እንደነበረው ትከፍታለች፤ ከዚያ የሚወርደው ሌላ ሰው ይሆናል። ዘይና በሩ ቀስ እያለ ሲነሳና ባዶው ጋራዥ ሲገለጥ ባየች ጊዜ ሁሉ ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች። በሌላ መኪና ብመጣላት ይሻል ነበር ብላ አስባለች። ሌላ መኪና ግን የላትም።

ዓብዱ አጎነበሰና የቸርኬውን ቀዳዳዎች ቆጠረ። «አምስት ነው፤ የኛም አምስት ነው» አለ።

«እኔም ቆጥሬ ነው የገዛሁት» አለች ዳራርቱ። «ስፋቱንም በሻሼ ለክቻለሁ።»

ዓብዱ እየጫነ ሳለ የዘይናን ክንድ ያዘች። እጇ የሞተ ሰው እጅ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ዘይና ደግሞ የሞተ ሰው እጅ ታውቃለች። «ዘይና ኮ» አለቻት። ሲያባባት በኦሮምኛ እንዲህ ነው የምትጠራት፤ የኔ ዘይና ማለት ነው። «እንዴት እንደሚሄድልሽ ትነግሪኛለሽ፣ እሺ?»

በማግስቱ ዓብዱ አፓርታማው መኪና ማቆሚያ ላይ ክሪኩን ሰክቶ ጎማዎቹን ራሱ ቀየራቸው። ዳዶ ፈትቶ ዳዶ ማሰር ምን ጎሚስታ ያስፈልገዋል! ቸርኬው ብሎኖቹ ላይ ሲገባ ትንሽ አስቸገረው። በቡጢው መታ መታ ሲያደርገው ገባ፤ አጠበቀው፤ በእግሩ ሞከረው። «ይኸው፣ አሁን እንደ ፍየል ገደል ትወጪበታለሽ» አላት። ዘይናም አመነችውና ያን ቀን ከዚያ በፊት ነድታ በማታውቀው ድፍረት ሀይዌይ ገባች።

መጀመሪያ የሰማችው የዘይናና የዓብዱ ልጅ ኢቅራ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከኋላ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ፍጥነቱ ሃምሳ አምስት ማይል ሲደርስ እግሯን ማወዛወዝ ተወችና «ማሚ፣ ሳምዋን ኢዝ ኖኪንግ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አንደር ሚ። ሳምዋን ኢዝ ኖኪንግ።»

ዘይና ሬዲዮኑን ዘጋች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አይቸኩልም። ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን አውቆ የመጣ እንግዳ በር ሲመታ እንዲህ ነው። እግሯን ከነዳጁ ላይ ስታነሳ ተወ። ደግማ ስትረግጥ መጣ። አያተል ኩርሲን እየቀራች፣ መንገዱን ጠርዝ ጠርዙን ይዛ፣ ቫኑን እስከ ቤት ድረስ እንደ ልማዷ አስታመመችው።

ዓብዱ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ምንም አልሰማም። ቢሆንም ለልቧ ማረፊያ ብሎ ጠዋት መፍቻውን ይዞ ወረደ። ዳዶዎቹ ሁሉ ላልተዋል፤ በጣት የሚዞር ሁሉ ነበረበት። «አጥብቄ አልነበር?» አለ ለራሱ። አጠበቃቸው። ዘይና ሥራ ሄዳ፣ ኢቅራን አምጥታ፣ መኪናውን አቆመች። በማግስቱ ጠዋት ቢያይ ላልተዋል። ደግሞ አጠበቀ። ደግሞ ላሉ። ሌባ ነው ብሎ ገመተ፤ ጎማ ሊሰርቅ የጀመረ፣ ሰው እየመጣበት የሚተው። ሲመሽ ከመስኮት ሥር ወንበር ስቦ መኪናውን ሲጠብቅ ሰነበተ። ማንንም አላየም።

ከዚያ በረዶው ወረደ። ጠዋት ሲነሱ መኪና ማቆሚያው ነጭ ሆኖ ተኝቷል፣ የድመት ዱካ እንኳን የለበትም። ዓብዱ በዚያ ነጭ ላይ የራሱን ዱካ እየተወ ቫኑ ጋ ደረሰና ከፊት ጎማው አጠገብ ተንበረከከ። ዘይና ከላይ ስታየው ቆየች፤ አልነሳም አለ። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወረደች።

«ላልቷል» አለ ቀና ሳይል። «ደግሞ ማንም አልመጣም። በረዶውን እይው፣ ማንም አልመጣም።»

«የሚመጣ ሰው እኮ ነው ዱካ ያለው» አለች ዘይና።

ሁለቱም ስሙን ለመጥራት ፈሩ። ጎማው የማን እንደሆነ ግን ከሁለቱም ልብ አልወጣም። ኋላ ዘይና አልቻለችም፤ «ጎንፋ ነው፤ ጎማውን እየፈታብን ነው» አለች።

ዓብዱ ሊስቅ ሞከረ። «ጎንፋ? በሕይወቱ እምቢ ያላለ ሰው ሞቶ ነው የሚከለክለን?» አለ። ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ዳራርቱ በየምሽቱ ትደውል ነበር። «መኪናው እንዴት ሄደልሽ?» ትላለች፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ። ዘይና ምን ትበል? የሟች ስጦታ ያንኳኳል ይባላል? «አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ጥሩ ነው» ትላታለች።  ከዚያ ዳራርቱ «ጥሩ» ትላለች፤ ድምጿም ሸክም እንዳወረደ ሰው ይቀልላል። ዘይና ይህን የወዳጅ ማሰብ አድርጋ ወሰደችው።

ጠዋት ማጥበቁ ግን መላ አልሆነም። ኢቅራ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ወደ ላይ ሰብስባ መሄድ ጀመረች፤ ወለሉን መንካት ፈራች። ዘይና ልጇን እንዲህ ስታይ ጊዜ ይሉኝታዋ አለቀ። ቅዳሜ ዓብዱን አስነስታ ሌክ ስትሪት ወረዱ፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሀዚም የሚሠራበት ጎማ ቤት አለ።

ሀዚም የመርካቶ ልጅ ነው። አፉ አያርፍም፤ ጎማ እየነፋ ፖለቲካ፣ ዳዶ እየፈታ የሰው ትዳር ያወራል። «እትዬ ዘይና! ዛሬስ ምን ነፋስ አመጣሽ?» እያለ ወጣ። ዓይኑ ቸርኬው ላይ ሲያርፍ ግን ዝም አለ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቫኑን አንድ ጊዜ ዞረው። ሀዚም ዝም ሲል ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ ዘይና ያኔ ነው በእውነት የፈራችው።

«ይሄን ቸርኬ ከየት አመጣችሁት?»

«ከዳራርቱ። የጎንፋ ነው» አለ ዓብዱ።

«እሱማ የጎንፋ ነው። አውልቅ ብዬው አውልቆት ነበር እኮ።»

«ማን? ጎንፋ?» አለች ዘይና። «ጎንፋ መች ገጥሞት ያውቅና?»

«ገጥሞት ነው የመጣው። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው፣ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ቆሞ ነበር። 'ያንኳኳል፣ ዳዶውም ይላላል' አለኝ።» ሀዚም ተንበርክኮ በጣቱ ቀዳዳዎቹን አሳያቸው። «ቀዳዳው አምስት ነው፣ ልክ። ግን አምስቱ የቆሙበት ክብ ከዚህ ቫን ትንሽ ይሰፋል። ለዓይን አይታይም። ገፋ ካደረጉት ይገባል፣ ዳዶውም የያዘ ይመስላል፤ ግን ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ነው የሚቀመጠው። ሲፈጥን ያንኳኳል፣ ዳዶው ራሱን ይፈታል። አንድ ቀን ጎማው ወልቆ ብቻውን ይሄዳል።»

«ማታ ማታ ነው የሚላላው» አለች ዘይና።

«ማታ ምን ይነካዋል እትዬ? ቀን ስትነጂው ነው። ጠዋት ስለምታዩት ማታ መሰላችሁ።»

ይህ መልስ ሊያሳርፋት በተገባ። አላሳረፋትም።

ሀዚም የጀመረውን ጨረሰው። ጎንፋ በዚያው ዕለት ቤቱ ሄዶ ቸርኬዎቹን አውልቋል። ልክ የሚሆኑ እንዲፈልግለት ሀዚምን ለምኖት፣ ለዳራርቱ እንዳይነግራትም አስምሎታል። «'እሷ ናት የመረጠችው፤ ደስ ብሏት ነው ያመጣችልኝ' አለኝ። 'ልኩ ሲመጣ ቀስ ብዬ እገጥመዋለሁ፣ ልዩነቱን አታውቀውም፣ እስከዚያ ትጩህብኝ' አለ። አዘዝኩለት። የመጣው የተቀበረ ዕለት ነው።»

ከጀርባ ክፍል መጋረጃውን ገልጦ አሳያቸው። አራት የበረዶ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ተደራርበው ቆመዋል። በላይኛው ላይ በነጭ ቾክ «ጎንፋ፣ አረንጓዴ ቫን» ተብሎ ተጽፏል። ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም።

«ለምን አልነገርካትም?» አለ ዓብዱ።

«ምን ብዬ ጋሼ? አንቺ የመረጥሽው ስላልገጠመ ነው ባልሽ በበጋ ጎማ የሞተው ልበላት? ስትሰድበው በሰማሁ ቁጥር አፌ ላይ ይመጣል። እውጠዋለሁ።»

ሌላ የሚገጥም አልነበረም፤ ሰማዩም ደመና አዝሏል። ሀዚም የጎንፋን ጎማዎች ገጠመላቸው። ቾኩን ሊያጠፋው ጨርቅ አነሳ፤ ዘይና «ተወው» አለችው። ወደ ቤት ሲመለሱ ሃምሳ አምስት ሞላ፣ ስድሳ ሞላ። ምንም የለም። ቫኑ ምንጣፍ ላይ እንደሚሄድ ሰው ሆነ። ኢቅራ እግሯን አወረደች። ዘይና ግን ያ ጸጥታ ከማንኳኳቱ ይብስ አስፈራት። ሰውየው የሚናገረውን ተናግሮ ጨርሶ፣ አሁን እሷ የምታደርገውን የሚጠብቅ መሰላት።

ዓብዱ ዝም እንበል አለ። «ለሟች ስሙ ቢነሳ ቢወድቅ ምን ያደርግለታል? እሷን ግን ይገድላታል። ቁጣዋን ብትነጥቂያት በምን ትቆማለች?»

«ኢብሲቱስ?» አለች ዘይና። «አባቷን ንቃ ትደግ? ሚስቱን ላለማሳፈር ነው የሞተው። ይሄን ልጁ ሳታውቅ ልትቀር ነው?» ተናገረችና ራሷም አለቀሰች። ለዳራርቱ አዘነች፤ ለጎንፋ ግን ይበልጥ አዘነች። ዓብዱ ሁለት ቀን ተከራከራት፣ ከዚያ ተወ።

በኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ለብቻም አይኬድም። ጠዋት፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ተሰብስበው ሄደው ደጅ ይቆማሉ፤ ሐዘንተኛው በሩን ሲከፍት ፊታቸውን አይቶ ይገባዋል። የነገረም ሰው ነግሮ አይሄድም፤ ቁጭ ብሎ ሐዘኑን ይካፈላል። ዘይና ይህም መርዶ ነው አለች። «ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ መርዶ ይነገራል እንዴ?» አለ ዓብዱ። ቢሆንም ጃኬቱን ለብሶ ተከተላት።

የኢብሲቱ አውቶቡስ እስኪሄድ ከማዶ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ወደ ደጁ ሲታጠፉ የጋራዡ በር ቀስ እያለ ተነሳ። ዘይና ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የተከፈተው በእውነት ለጎንፋ ነው ብላ አሰበች። የመጡት በሱ ጎማ ነዋ።

ዳራርቱ ሁለቱን በዚያ ሰዓት ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ደግሞ ማን ሞተብኝ?»

«ማንም አልሞተም። ተቀመጪ እህቴ» አለ ዓብዱ።

ዘይና አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛ ነገረቻት። ቸርኬው እንዳልገጠመ፣ ጎንፋ ገጥሞት አይቶ እንዳወለቀው፣ ሌላ አዝዞ እንደነበር፣ ዝም ያለው ለሷ ብሎ እንደሆነ። ስለ ማንኳኳቱ ግን ምንም አላነሳችም፤ ይህቺን ሴት በዚያ ላይ ማስፈራራት አልፈለገችም። «ሰነፍ አልነበረም፣ ዳራርቱ» ብላ ጨረሰች።

ዳራርቱ አልጮኸችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ሃምሳ አምስት ላይ ነው የሚጀምረው፣ አይደል?» አለች።

ዘይና እጇን ለቀቀች።

«ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። ከዚያ ያርፋል። ከዚያ ሦስት ጊዜ። አንድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ጎንፋ 'ይሰማሻል?' አለኝ። ሰማሁ። 'ምንም የለም፣ ጆሮህ ነው' አልኩት። በማግስቱ ጋራዥ ውስጥ ሲፈታው ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ለምን አወለቅኸው ብል እውነቱን ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩትም። ሰነፍ ነህ እያልኩ ነዘነዝኩት። የሞተ ጠዋትም በር ላይ ሰነፍ ብዬ ነው የሸኘሁት።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

«ለኛ ለምን ሰጠሽን?» አለች ዘይና።  «ኢቅራ እኮ ከኋላ ተቀምጣበት ነበር።»

«መኪናው መንትያ ነው። እናንተ ጋ ካላንኳኳ፣ ያን ቀን የሰማሁት ጆሮዬ ነው፤ ጎንፋም ሰነፍ ነበር ማለት ነው። ስንት ማታ ጠየቅኩሽ፣ 'ጥሩ ነው' አልሽኝ። አንቺ ጥሩ ነው ስትዪኝ ተኛሁ። ከሞተ ጀምሮ ያልተኛሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።» ከዚያ ወደ ዘይና ዞረች። «ኢቅራን ረስቼ ነው ብልሽ በወደድኩ። አልረሳኋትም።»

ከጋራዡ በኩል የብረት ድምፅ መጣ፤ አንዴ ብቻ። ሦስቱም ሰሙ። ማንም ተነስቶ አላየም።

ዘይና ተነሳች። ከጥፍሯ እስከ ራስ ጸጉሯ ንዴት ሆነች፤ ያቺን የምትወዳትን ፊት በጥፊ ብትላት በወደደች። ዓብዱም ቁልፉን አወጣ። በሩ ጋ ደረሰች፣ መዝጊያውን ያዘች፣ ከዚያ ቆመች።

«ለኢብሲቱ ዛሬ ትነግሪያታለሽ» አለች ሳትዞር።

«ዛሬ?»

«ዛሬ። እስክትመጣ እዚሁ ነኝ።»

«ይቅር አልሽኝ?»

«አላልኩሽም። የምቀመጠው ለጎንፋ ነው።»

ካፖርቷን አወለቀችና ተቀመጠች። ዓብዱ ሥራ ቦታው ደውሎ ከሥራ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ሦስት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ወሬ ተቀመጡ፤ በመስኮቱ በረዶ ይወርዳል፣ አረንጓዴው ቫን እየነጣ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ቆሞ ሄደ። ኢብሲቱ ቦርሳዋን እንዳዘለች ገባችና ሦስቱንም አየች።

«ሁ ዳይድ?» አለች።

ዳራርቱ ብድግ አለች። በኦሮምኛ «አባን ኬ» ብላ ጀመረች፤ አባትሽ ማለት ነው፣ ያችን ያህል ዘይናም ታውቃለች። ግን ተወችው። ከዚያ ልጇን በእንግሊዝኛ አናግራት የማታውቀው ሴት፣ ልጅቷ እንዳትስተው ብላ ቃሉን አንድ በአንድ አወጣችው። «ዩር ፋዘር ዋዝ ናት ሌዚ።»

ኢብሲቱ አልደነገጠችም። በጣም ቀስ ብላ «አይ ኖው፣ ማም» አለች። «አይ ዋዝ ኢን ዘ ባክ ሲት።»

ያን እሑድ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። እሷም ሰምታዋለች። አባቷን ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ሰነፍ ስትል የኖረችው እናቷን ላለማሳፈር ነው።

ዳራርቱ ለባሏ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።